ዝናቡ ከላይ፣ ጎርፉ ከታች፦ በራዳር፣ በሳተላይትና በዲጂታል ካርታ የደራሽ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ አዘገጃጀት

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የማይታይበት ሰፊ የአሸዋ ወንዝ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ውኃውን የሚያወርዱባት በስተ ደቡብ ያሉት የደንገጎና የአካባቢው ተራሮች ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ከዚራ ወይም መጋላ በተባሉት የከተማዋ ሰፈሮች ውስጥ ሆኖ ሰማዩን የሚመለከት ሰው ተራራው ላይ ምን ያህል እንደ ዘነበ በዓይኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ ሲያውቅም ውኃው መንገድ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በከተማ አስተዳደር፣ በዞንና በወረዳ ደረጃ በቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ባለሙያዎች ሲሆን፣ በእጃቸው ያለው አንድ ላፕቶፕ፣ የሚቆራረጥ ኢንተርኔትና የቀበሌ ሊቀመናብርት ስልክ ቁጥር ብቻ ነው ብሎ ይነሳል። የአየር ትንበያ የማውጣት ኃላፊነት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። እዚህ የሚገለጸው ሥራ የኢንስቲትዩቱን ትንበያ ወደ አንድ የታወቀ ወንዝና ወደ አንድ የታወቀ መንደር የማውረድ ሥራ እንጂ ትንበያውን የሚተካ አይደለም።

ብዙ ጊዜ እንደሚታየው ሰው ሥራውን የሚጀምረው የትኛውን ራዳር ወይም የትኛውን ሳተላይት ልጠቀም ብሎ በመጠየቅ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ተራው ሁለተኛ ነው። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ዝናቡ ከጣለበት ቅጽበት አንስቶ ጎርፉ ሰው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ ነው፤ መረጃው የሚዘገይበት ሰዓት ከዚህ ጊዜ የሚበልጥ ከሆነ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን ለማስጠንቀቂያ አይሆንም።

መጀመሪያ ተፋሰሱንና ሰዓቱን መለካት

ለዚህ ሥራ በነፃ የሚገኘው ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር ይበቃል። የመሬቱን ከፍታ የሚያሳይ ዲጂታል ሞዴልም በነፃ ይወርዳል፤ በየካቲት ወር 2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር የተሰበሰበው ኤስአርቲኤም እና ከእርሱ በኋላ የመጣው የአውሮፓው ኮፐርኒከስ ሞዴል ሁለቱም በ30 ሜትር ርቀት አንድ የከፍታ ቁጥር ይሰጣሉ። ከሁለቱ ኮፐርኒከስን መምረጥ ይሻላል፤ አዲስ ነው፣ በገደላማ ቦታም የተሻለ ይታመናል።

ሞዴሉ ከወረደ በኋላ ወደ ሜትር መለኪያ መቀየር አለበት፤ ይህም ማለት በዲግሪ የተቀመጠውን ወደ ዩቲኤም (ምድርን በ6 ዲግሪ ስፋት ባላቸው ዞኖች ከፍሎ በሜትር የሚለካ የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ማዛወር ነው። ለምሥራቁ ክፍል እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ዞን 37 የሚያበቃው 42 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ድሬዳዋ ከመስመሩ በስተ ምዕራብ በጥቂቱ ስትገኝ ሐረር ግን ከመስመሩ ወዲያ ናት። ግማሹን ሥራ በአንዱ ዞን፣ ግማሹን በሌላው የሠራ ሰው ካርታዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ አልገጥም ይሉታል። መላውን ሥራ በዞን 37 መጨረስና በፋይሉ ስም ላይ ይህንኑ መጻፍ ችግሩን ያስቀራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፦ በሞዴሉ ውስጥ ያሉ የሐሰት ጉድጓዶች ይደፈናሉ፣ ከእያንዳንዱ ነጥብ ውኃው ወደየት እንደሚወርድ ይሰላል፣ በየነጥቡ የሚጠራቀመው ፍሰት ይሰላል፣ በመጨረሻም የተፋሰሱ መውጫ ነጥብ ተመርጦ ከእርሱ በላይ ያለው መሬት በሙሉ ይከለላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መውጫ ነጥቡን ሲመርጡ ነው። ነጥቡ ከተማው መሀል ሳይሆን ወንዙ ከተራራው ወጥቶ ወደ ከተማው ከመግባቱ በፊት ባለው ቦታ መሆን አለበት፤ ደግሞም የፍሰት መስመሩ ላይ በትክክል ካላረፈ ሶፍትዌሩ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር መሆን የነበረበትን ተፋሰስ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር አድርጎ ያወጣዋል። ከተራራው ግርጌ ያለው የአሸዋ ሜዳ በጣም ለጥ ያለ ስለሆነ ሞዴሉ ወንዙን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሊመራው ይችላል። በዚህ ጊዜ የወንዙን መስመር ኦፕንስትሪትማፕ ከተባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ አውርዶ ወይም ከሳተላይት ፎቶ ላይ በእጅ ስሎ በሞዴሉ ላይ ጥቂት ሜትር ዝቅ ማድረግ ይገባል።

አሁን ሰዓቱ ይሰላል። የቆየውና ቀላሉ መንገድ ኪርፒች በ1940 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር ነው፦ የዋናው ወንዝ ርዝመት በሜትር ወደ 0.77 ኃይል ከፍ ይላል፣ የወንዙ አማካይ ተዳፋት (5 በመቶ ከሆነ 0.05 ተብሎ) ወደ ኔጋቲቭ 0.385 ኃይል ከፍ ይላል፣ ሁለቱ ተባዝተው በ0.0195 ሲባዙ መልሱ በደቂቃ ይወጣል። ለምሳሌ 20 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 5 በመቶ አማካይ ተዳፋት ላለው ወንዝ ውጤቱ 127 ደቂቃ፣ ማለትም ከሁለት ሰዓት ጥቂት የበለጠ ነው። ቀመሩ የተገኘው በአሜሪካ ቴኔሲ ግዛት ካሉ ትናንሽ የገጠር ተፋሰሶች ስለሆነ፣ እንደ ፍጹም እውነት ሳይሆን እንደ መነሻ መያዝ አለበት። ከላይኛው መንደር «ዝናቡ ካባራ ስንት ሰዓት ቆይቶ ነው ታች ጎርፍ የሚሰማው?» ተብለው የሚጠየቁ አዛውንቶች የሚሰጡት መልስ ከቀመሩ ጋር ከተቃረነ፣ የአዛውንቶቹ ይመረጥ።

ከዚህ ቁጥር ላይ ተቀናሽ አለ። ምስሉ ደርሶ እስኪታይ 20 ደቂቃ፣ ለመወሰን 10 ደቂቃ፣ ስልክ ለመደወል 15 ደቂቃ፣ ሰዎች ተቀስቅሰው፣ ልጅና አረጋዊ ይዘው ከፍ ወዳለ ቦታ እስኪወጡ 40 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ከ127ቱ ውስጥ የሚተርፈው 42 ደቂቃ ነው። ይህ ሒሳብ በወረቀት ተጽፎ በሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይገባዋል፤ ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ የሚመዘነው በእርሱ ነውና።

ራዳር የሚያየውና የማያየው

ራዳር ዝናብን አይለካም። የማይክሮዌቭ ምት ይልካል፣ ከጠብታዎች ተመልሶ የሚመጣለትን ኃይል ይለካል፤ ዝናቡን የሚያሰላው ሰው ነው። የሚመለሰው ኃይል በጠብታው ዲያሜትር ስድስተኛ ኃይል ልክ ስለሚያድግ፣ በዲያሜትር እጥፍ የሆነ አንድ ጠብታ የትንሹን 64 እጥፍ ይመልሳል፣ የያዘው ውኃ ግን 8 እጥፍ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ አንድ ዓይነት ቀለም በካርታው ላይ የሚያሳዩ ሁለት ዝናቦች፣ አንዱ ትላልቅ ጥቂት ጠብታ፣ ሌላው ትናንሽ ብዙ ጠብታ ቢሆን፣ መሬት ላይ የሚያወርዱት መጠን በጣም ይለያያል።

የመልሱ ጥንካሬ የሚነገረው ዲቢዜድ በሚባል መለኪያ ነው። ማርሻልና ፓልመር በ1948 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት መሠረት 30 ዲቢዜድ በሰዓት 3 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቀለል ያለ ዝናብ ነው፤ 40 ዲቢዜድ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 50 ዲቢዜድ ደግሞ 49 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አሜሪካኖቹ ለነጎድጓዳማ ዝናብ የሚጠቀሙበት ሌላ ስሌት ለዚያው 50 ዲቢዜድ 63 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። በረዶ የቀላቀለ ደመና ሲሆን ቁጥሩ ያለ ልክ ስለሚያብጥ፣ ከ53 በላይ ያለውን ሁሉ እንደ 53 አድርጎ መቁጠር የተለመደ ነው። ራዳሩ ራሱ በ3 ዲቢ ብቻ ቢዛባ የሚሰላው ዝናብ ከግማሽ በላይ ይጨምራል ወይም በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የራዳር ካርታ ላይ ያለውን ቀለም «የት ነው? ወዴት ነው የሚሄደው? እየበረታ ነው ወይስ እየደከመ?» ለሚለው ማመን ይቻላል፤ «ስንት ሚሊ ሜትር?» ለሚለው ግን መሬት ላይ ካለ መለኪያ ጋር ሳያስተያዩ ማመን አይቻልም።

ርቀትም ያታልላል። በ0.5 ዲግሪ ቀና ብሎ የሚወጣ ጨረር፣ ምድር ክብ ስለሆነች፣ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከራዳሩ ከፍታ በላይ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 200 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ያን ያህል ከፍ ብሎ የሚታየው ዝናብ በቆላ ሞቃት አየር ውስጥ ሲወርድ ተንኖ መሬት ላይደርስ ይችላል። በደጋ ላይ የተተከለ ራዳር ሌላም ጣጣ አለው፦ በእኛ አካባቢ በረዶ የሚቀልጥበት ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሚቀልጥ በረዶ ደግሞ እንደ ትልቅ ጠብታ ያበራል፤ ጨረሩ እዚያ ንብርብር ውስጥ ሲገባ ቀላል ዝናብ ከባድ መስሎ ቀለበት በመሰለ ቅርጽ ይታያል። ተራራ ጨረሩን ከጋረደ ከጀርባው ያለው ሸለቆ በካርታው ላይ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ይህን ለመለየት የአንድ ክረምት ድምር ካርታ መሥራት በቂ ነው፤ ከራዳሩ ተነስቶ እንደ ጨረር የተዘረጋ ደረቅ መስመር ካለ፣ ያ ደረቅ መሬት ሳይሆን የተጋረደ መሬት ነው።

ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ራዳር ከባድ ዝናብን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ባለ 3 ሴንቲ ሜትሩ ርካሽና ትንሽ ቢሆንም በከባድ ዝናብ ይዳከማል፣ ከፊት ያለው ዝናብ ከኋላ ያለውን ይሸፍነዋል። ጃፓኖች ይህን የሚያካክሱት ብዙ ትናንሽ ራዳሮችን አቀራርበው በመትከል ሲሆን፣ ኤክስሬይን የተባለው መረባቸው በ250 ሜትር ልኬት በየደቂቃው ያሳያል። እንዲህ ያለ መረብ ለሌለው አገር ከጃፓን የሚወሰደው ትምህርት መሣሪያው ሳይሆን ራዳሩን ዘወትር በመሬት መለኪያ ማረም መለመዳቸው ነው።

በአገራችን ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ሻውራ ላይ የተተከለ ራዳር አለ። ከዚያ እስከ ድሬዳዋ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዝናብ ራዳር ደግሞ የሚያገለግለው ቢበዛ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ስለሆነ፣ የደቻቱን ተራሮች ሊያይ አይችልም። በራዳር ክልል ውስጥ ያለ ባለሙያ ከላይ ያለውን ይጠቀምበት። ከክልሉ ውጭ ያለው ወደ ሳተላይት መሄድ አለበት።

ሳተላይት፦ የዘገየውና ፈጣኑ

በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. በናሳና በጃፓኑ የጠፈር ድርጅት የመጠቀው ጂፒኤም ሳተላይትና አጋሮቹ የሚያወጡት አይመርግ የተባለው የዝናብ ግምት፣ በየግማሽ ሰዓቱ በ0.1 ዲግሪ፣ ማለትም በ11 ኪሎ ሜትር ገደማ ልኬት ዝናቡን ያሳያል። ግሩም መረጃ ነው። ነገር ግን ፈጣኑ ስሪቱ እንኳ 4 ሰዓት ያህል ይዘገያል። ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ጎርፍ ይህ ማለት ዝናቡ በኮምፒውተር ላይ በሚታይበት ጊዜ ውኃው ከተማውን አቋርጦ አልፏል ማለት ነው። ስለዚህ አይመርግ ለድሬዳዋ ዓይነት ወንዝ ማስጠንቀቂያ ሊሆን አይችልም፤ መሬቱ ባለፉት አምስት ወይም አሥር ቀናት ምን ያህል እንደ ረሰረሰ ለማወቅ ግን ከእርሱ የሚሻል ነፃ መረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ለሰዓታት የሚሆነው ከምድር በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆነው ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚያዩት ሚቲዮሳት ሳተላይቶች የሚልኩት የሙቀት ምስል ነው። ምስሉ በየ15 ደቂቃው ይታደሳል፣ በአዲሱ ሦስተኛ ትውልድ ደግሞ በየ10 ደቂቃው። የሚታየው ዝናቡ ሳይሆን የደመናው አናት ቅዝቃዜ ነው። ባለሙያው የሚከታተለው አንድን ምስል ለብቻው ሳይሆን ተከታታዮቹን ነው፤ ከተራራው በላይ ያለ የደመና አናት በሦስትና አራት ተከታታይ ምስሎች ውስጥ በፍጥነት እየቀዘቀዘና እየሰፋ ከሄደ፣ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ካለፈም በኋላ ከቦታው ካልተነቃነቀ፣ ንቁ መሆን ይገባል። የማይንቀሳቀስ ደመና ከሚሮጥ ደመና የበለጠ ያስፈራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ስሕተት አለ። ከአትላንቲክ በላይ፣ በ0 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ያለው ሳተላይት ምሥራቅ ኢትዮጵያን የሚያየው በአግድም ስለሆነ፣ 13 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለውን የደመና አናት ከትክክለኛ ቦታው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ገፍቶ ያሳየዋል። ለትንሽ ተፋሰስ ይህ ማለት ዝናቡ የሚጥለው እኛ ላይ ሆኖ ሳለ ካርታው የጎረቤቱን ወንዝ ይጠቁማል ማለት ነው። በ45.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፣ ማለትም ከእኛ አናት አጠገብ ካለው የሕንድ ውቅያኖስ ሚቲዮሳት የሚመጣውን ምስል ከተጠቀሙ መዛባቱ ከ3 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ሁለቱም በነፃ ከተገኙ ሁለተኛውን መምረጥ ይገባል።

ያም ሆኖ የደመና ቅዝቃዜ ብቻውን ሙሉ ምስክር አይደለም። ተራራ ገፍቶ ያወጣው አየር ደመናው ብዙ ሳይቀዘቅዝ ከባድ ዝናብ ሊያወርድ ይችላል፤ ሳተላይት እንዲህ ያለውን ዝናብ አሳንሶ ይገምታል። በጸሐፊው አስተያየት ከተፋሰሱ አናት ላይ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ የተተከለ መለኪያና ስልክ ያለው አንድ መምህር ለማስጠንቀቂያ ከማንኛውም ሳተላይት ይበልጣል። ሳተላይቱ ለመምህሩ መቼ መደወል እንደሚገባ ይነግረናል፤ መምህሩ ደግሞ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሞላ ይነግረናል።

የሰዓትና የቀን ወጥመድ

የራዳርና የሳተላይት ፋይሎች ሁሉ የሚቆጠሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ከዚያ ወደ እኛ ሰዓት ለመምጣት ቀላሉ መንገድ 3 መቀነስ ነው፦ በፋይሉ ላይ 18 ሰዓት ከተባለ 15 ይሆናል፣ 12 ሲቀነስለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ 23 ሰዓት ከተባለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በስልክ «በ8 ሰዓት የተነሳ ምስል» ብሎ መናገር የቀኑን ይሁን የሌሊቱን፣ የእኛን ይሁን የፈረንጁን ስለማይለይ፣ በማንኛውም መልእክት ላይ «ከሌሊቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለው ቃል መቅረት የለበትም። «የሐምሌ 30 ሌሊት» ማለትም ለአንዱ ሐምሌ 30 የነጋበት፣ ለሌላው የመሸበት ሌሊት ነው። በመዝገብ ላይ «ለሐምሌ 30 አጥቢያ» ተብሎ መጻፍ አለበት።

ዕለታዊ ድምር ሲያወዳድሩ ጉዳዩ ይብሳል። የዝናብ ጣቢያዎቻችን የሚነበቡት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ የአይመርግ ዕለታዊ ድምር ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያለው ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የጣለ ዝናብ በሳተላይቱ ፋይል ላይ በአንድ ቀን፣ በጣቢያው መዝገብ ላይ በሌላ ቀን ሊመዘገብ ይችላል፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው «ሳተላይቱ ውሸታም ነው» ብሎ ይደመድማል። መፍትሔው ዕለታዊውን ፋይል ትቶ የግማሽ ሰዓቶቹን ፋይሎች ከጠዋት 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 3 ሰዓት ራስ መደመር ነው።

ከሥዕል ወደ ቁጥር

ተፋሰሱ ከተከለለና የዝናብ ካርታው ከተገኘ በኋላ፣ ኪውጂአይኤስ ውስጥ የዝናቡን ራስተር (በትናንሽ አራት ማዕዘን ነጥቦች የተከፋፈለ ካርታ) በተፋሰሱ ክልል ላይ አስቀምጦ አማካዩን ማስላት የደቂቃ ሥራ ነው። ተፋሰሱ አነስ ካለ ጥቂት የሳተላይት ነጥቦች ብቻ ስለሚያርፉበት፣ ከፊሉ ውጭ የሆነውን ነጥብ በስፋቱ ልክ ብቻ የሚቆጥር ስሌት መጠቀም ያስፈልጋል። ከዚያም የ1 ሰዓት፣ የ3 ሰዓት፣ የ24 ሰዓትና የ10 ቀን ተከታታይ ድምሮች በአንድ ሠንጠረዥ ይያዛሉ።

የመሬት መለኪያ ካለ ካርታው በእርሱ ይታረማል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በአምስት ጣቢያዎች የተለካው ድምር 96 ሚሊ ሜትር፣ ካርታው ለነዚያው አምስት ነጥቦች የሰጠው 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ካርታው በሙሉ በ1.6 ይባዛል። በአንድ ጣቢያ ላይ ብቻ ተመሥርቶ እንዲህ ማድረግ ግን አደገኛ ነው፤ መለኪያው በወፍ ላባ ወይም በቅጠል የተደፈነ ሊሆን ይችላል። እየተገለበጠ የሚቆጥረው አውቶማቲክ መለኪያም በጣም ከባድ ዝናብ ላይ አሳንሶ እንደሚቆጥር መታወቅ አለበት።

ሚሊ ሜትር ለባለሥልጣን ምንም አይነግረውም፤ ስለዚህ ወደ ውኃ መቀየሩ ይጠቅማል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1,000 ኪዩቢክ ሜትር ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል 4 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ውኃ ወርዷል። መሬቱ ገደላማና የተራቆተ ሆኖ ግማሹ ቢፈስና በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢያልቅ፣ በአማካይ በየሰከንዱ 278 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ በድልድዩ ሥር ያልፋል። ይህ አማካዩ ነው፤ የጎርፉ ግንባር ከዚህ በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል። ድልድዩ ሊያሳልፍ የሚችለውን ከከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ጠይቆ ከዚህ ቁጥር ጎን ማስቀመጥ ብዙ ክርክር ያሳጥራል።

የማንቂያ ወሰኑ፣ ማለትም ዝናቡ ስንት ሚሊ ሜትር ሲደርስ ማንቂያ እንደሚነገር፣ ከመጽሐፍ አይገለበጥም። ካለፉት ክረምቶችና በልጎች ጎርፍ የመጣባቸው ቀናት ሁሉ ከፖሊስ፣ ከቀበሌና ከነዋሪ ተጠይቀው ይዘረዘራሉ፤ ለእያንዳንዱ ቀን የ3 ሰዓትና የ10 ቀን ድምር ከአይመርግ ማኅደር ይወጣል፤ ከባድ ዝናብ ኖሮ ጎርፍ ያልመጣባቸውም ቀናት አብረው ይያዛሉ። ሁለቱ ዝርዝሮች በአንድ ግራፍ ላይ ሲቀመጡ ጎርፍ የመጣባቸውንና ያልመጣባቸውን የሚለየው መስመር፣ ጥርት ብሎ ባይሆንም፣ ይታያል። የረሰረሰ መሬት በግማሽ ዝናብ ስለሚጎርፍ፣ ወሰኑ ለደረቅ ሳምንትና ለርጥብ ሳምንት የተለያየ መሆን አለበት።

ውኃው የሚደርስበትን ሰው በካርታ ላይ ማስቀመጥ

ከተመሳሳዩ የከፍታ ሞዴል ላይ እያንዳንዱ ነጥብ በአቅራቢያው ካለው ወንዝ ወለል ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል ማስላት ይቻላል። ከ2 ሜትር በታች ያለው በአንድ ቀለም፣ ከ2 እስከ 5 ያለው በሌላ ይቀባል። የ30 ሜትር ሞዴል ግንብንና መንገድን ስለማያይ ካርታው በእግር ካልታረመ አይታመንም፤ በ1998ቱ ጎርፍ ውኃው ግድግዳቸው ላይ የት ድረስ እንደ ደረሰ የሚያሳዩ ሰዎች አሉ፣ ያ ምልክት በስልክ ጂፒኤስ ተመዝግቦ በካርታው ላይ መግባት አለበት።

በዚህ ላይ የኦፕንስትሪትማፕ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ መስጊዶችና አብያተ ክርስቲያናት ይጨመራሉ። ድልድይ ከሌለበት መሻገሪያ፣ በአሸዋው ላይ መኪና ከሚታጠብበት ቦታ፣ እንደ ከፊራ ያለ ከወንዙ የራቀ ያልሆነ ገበያ ጋር የተያያዘው ስጋት በሰዓት ይለያያል፦ ቀን ገበያተኛው፣ ሌሊት ዳር ላይ የሚያድረው። ስለዚህ አንድ ካርታ ሳይሆን የቀንና የሌሊት ሁለት ካርታዎች ይዘጋጁ። በእያንዳንዱ ሰፈር ላይ የሚደወልለት ሰው ስምና ሁለት ስልክ ቁጥር ይያዝ፤ ካርታው ግን ታትሞም ይቀመጥ፤ ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት መብራትና ኔትወርክ አብረው ሊጠፉ ይችላሉና።

መልእክቱ አጭር ሆኖ ቦታ፣ ሰዓትና ተግባር የያዘ ይሁን። ለምሳሌ፦ «ከከተማው በስተ ደቡብ ተራራው ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ከባድ ዝናብ እየጣለ ነው። ጎርፍ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ወደ ከተማው ሊደርስ ይችላል። ከወንዙ ዳር ያላችሁ አሁኑኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ውጡ። ወንዙን ማንም እንዳይሻገር። ቀጣዩ መልእክት ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይነገራል።» በድሬዳዋ ይህ በአማርኛ ብቻ መነገሩ በቂ አይደለም፤ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛም ከክረምቱ በፊት ተዘጋጅቶ፣ ሰዓቱ ብቻ እንዲሞላ ክፍት ቦታ ተትቶ መቀመጥ አለበት። «ዝናብ ሊኖር ስለሚችል ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ሰውን ከአልጋው አያስነሳም።

ሰዓቱ ሲለወጥ መሣሪያውም ይለወጣል

ከላይ የተባለው ሁሉ ለደራሽ ጎርፍ ነው። እንደ አዋሽ ያለ ረጅም ወንዝ ከላይኛው ተፋሰስ እስከ አፋር ሜዳ ለመድረስ ቀናት ስለሚወስድ፣ የአይመርግ የ4 ሰዓት መዘግየት እዚያ ምንም ጉዳት የለውም፤ ግሎፋስ የተባለው የአውሮፓ ሥርዓት በየቀኑ የሚያወጣው የ30 ቀን የወንዝ ፍሰት ትንበያም ከግድብ ውኃ አለቃቀቅ መረጃ ጋር ተጣምሮ ይጠቅማል።

የመሬት ናዳ ደግሞ ሌላ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ቀድሞ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡ ነበሩ። ለናዳ ወሳኙ የአንድ ሰዓት ብርታት ብቻ ሳይሆን ለቀናት ወደ አፈሩ የገባው ውኃ ስለሆነ፣ የሚታየው የተጠራቀመው ድምርና የቁልቁለቱ ካርታ ነው። ኬን በ1980 እ.ኤ.አ. ከዓለም ዙሪያ ሰብስቦ ባወጣው ወሰን መሠረት ለ24 ሰዓት የቆየ ዝናብ 103 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ ናዳ ሊጀምር ይችላል፤ የታረሰና ዛፉ የተመነጠረ ቁልቁለት ግን ይህን ላይጠብቅ ይችላል። ለናዳ በሚወጣ መልእክት ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ሁልጊዜ ይግባ፦ ናዳ በደረሰበት ቦታ ሁለተኛ ናዳ ሊከተል ስለሚችል፣ ቁልቁለቱን የሚከታተል ሰው ሳይመደብ ለነፍስ አድን ሥራ በብዛት መሰብሰብ አይገባም።

ከክረምቱ በኋላ

ለእያንዳንዱ ማንቂያ አራት ነገር ይመዘገባል፦ የታየው፣ የተወሰነው፣ የተደወለበት ሰዓት፣ የደረሰው ነገር። ተነግሮ ያልመጣ ጎርፍና ሳይነገር የመጣ ጎርፍ እኩል በዝርዝር ይጻፉ፤ የመጀመሪያው ዓይነት ከበዛ ወሰኑ ከፍ ይላል፣ ሁለተኛው አንድ እንኳ ካጋጠመ ምክንያቱ ሳይታወቅ ወሰኑ አይነካም፤ ጥፋቱ የወሰኑ ሳይሆን የዘገየ ምስል ወይም ያልተነሳ ስልክ ሊሆን ይችላልና። ፈጣኖቹ የሳተላይት ምስሎች ከድረ ገጽ ላይ ቶሎ ስለሚነሱ በዚያው ሌሊት ወርደው መቀመጥ አለባቸው። ግድግዳ ላይ የቀረው የውኃ ምልክትም ቤቱ ሳይለቀለቅ በሳምንቱ ውስጥ በሜትር ተለክቶ፣ ፎቶ ተነስቶና በጂፒኤስ ተይዞ ወደ ካርታው ይገባል፤ በሚቀጥለው በልግ ወሰኑ የሚታረመው በእነዚህ ልኬቶች ነው።